ሲዲው የእኔ ነው፤ አካውንቱስ የማን ነው? ፕሌይስቴሽን 5 ከ14 ወር በኋላ

ፕሌይስቴሽን 5 የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ቤቴ ከገባ 14 ወር ሆነው። ቀጭኑ፣ የሲዲ ማስገቢያ ያለው ነው። ሻጩ ማስገቢያ የሌለውን በረከስ ያለ ዋጋ ሊሰጠኝ ብዙ ደክሞ ነበር፤ «ዘንድሮ ሲዲ የሚገዛ ማን አለ?» እያለ። ልቤም ሄዶለት ነበር። የመለሰችኝ ባለቤቴ ናት፤ «የድሮዎቹን ሲዲዎች ታዲያ ምን ልታደርጋቸው ነው?» ብላ። የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲ በፕሌይስቴሽን 5ም ላይ ይሠራል፤ እነዚያን ሲዲዎች ደግሞ አቧራቸውን የምትጠርገው እሷ ነች።

ዛሬ 11 ጨዋታዎች አሉኝ፤ አምስቱ በሲዲ፣ ስድስቱ በአካውንት፣ ማለትም ከኢንተርኔት መደብር ተገዝተው የወረዱ። ሲዲ የምለው በትክክል ብሉሬይ ነው፤ አዳማ ውስጥ ግን ክብ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ሁሉ ሲዲ ነው። ስለ ምስሉ ጥራትና ስለ ጆይስቲኩ ንዝረት ሌላው ይጻፍ። እኔን 14 ወር ሙሉ ያከራከረኝ፣ ከፍዬ ያመጣሁት ጨዋታ ምን ያህል የእኔ ነው የሚለው ነገር ነው።

በአካውንት የተገዛው ይመቻል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከመቀመጫ ሳይነሱ ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው ማለፍ፣ የስድስት ዓመት ልጅ በቅቤ እጁ ሲዲ እንዳይነካ አለመጠበቅ እረፍት ነው። ችግሩ ያለው አገዛዙ ላይ ነው። አካውንት ሲከፈት ከሚመጣው የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ አካውንቴ የተከፈተው በአክስቴ ልጅ ስም፣ በዱባይ አድራሻ ነው። አካውንቱ ላይ ገንዘብ የሚሞላበት የስጦታ ካርድም ከአካውንቱ አገር ጋር መግጠም አለበት፤ የአሜሪካ ካርድ ለኤምሬትስ አካውንት አይሠራም። ዋጋውን ደግሞ የምታውቁት ነው። 70 ዶላር የሚባል አዲስ ጨዋታ፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 4 ሺህ ብር አካባቢ ይሆን ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ያው ጨዋታ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

አንድ ቅዳሜ ማታ ኢንተርኔት ጠፋ። ግድ አልሰጠኝም፤ ብቻዬን የምጫወተው፣ ኢንተርኔት የማያስፈልገው ጨዋታ ነበር። ስከፍተው ግን ሥዕሉ ላይ ትንሽ የመቆለፊያ ምልክት ተንጠልጥላ አገኘኋት። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ለአንድ አካውንት ጨዋታዎቹ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ የሚፈቀደው በአንድ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ብቻ ነው፤ ያ ፈቃድ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ ባለው መሣሪያ ላይ ነበር። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሌላ ጣጣ ተከተለ፤ እሱ ስልክ ሲቀይር የይለፍ ቃሉንም ቀይሮ ኖሮ እንደገና ግባ ተባልኩ። የማረጋገጫው ቁጥር የሚላከው ወደ እሱ ስልክ ነው። እኛ ጋ ከምሽቱ አምስት፣ እሱ ጋ ስድስት ሰዓት። ማለዳ ሥራ የሚገባ ሰው ነው። በገንዘቤ የገዛሁትን ጨዋታ ለመክፈት ዱባይ ያለ ሰው ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩ። «ሰው ሞተ?» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ።

በማግስቱ ፈቃዱን ከመሣሪያው ቅንብር ውስጥ ወደ እኔ አዛወርነው። እናንተም አካውንት ከሰው ጋር የምትጋሩ ከሆነ ይህን ሳታዩ እንዳታድሩ። አሁን መቆለፊያዋ እሱ ጋ ናት፤ ቅሬታውም አብሮ ሄዷል።

እዚያ ሌሊት ላይ ነው የገዛሁት ምን እንደሆነ ማጣራት የጀመርኩት። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ፣ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን ሳይገልጹ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀሙ በሕግ ከልክሏል። ሕግ ያስፈለገው ብዙ ሰው እንደ እኔ ገዛሁ ብሎ ስለሚያምን ነው። መደብርም ይዘጋል። ኒንቴንዶ የጨዋታ መሣሪያዎቹን የ3ዲኤስንና የዊ ዩን መደብር መጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ዘጋ። ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ 360ን መደብር የዘጋው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ብር በገበያ ይወሰን የተባለበት ዕለት! በዚያ ቀን ገንዘቡም መደብሩም በአንድነት የራቀው ሰው እዚህ አገር ይኖር ይሆን?

ሲዲው ዘንድ ስንመጣ ሌላ ዓለም ነው። ሰፈራችን ውስጥ አምስት ቤት ሲዲ ይቀያየራል፤ ደንብ የለውም፤ የሚታወቀው ብድር መሆኑ ብቻ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ይመጣል፤ «ጋሼ፣ ያችን የመኪናዋን ለሳምንት» ይላል። ሳምንቱ ወር ይሆናል። አንዴ የመለሰልኝን ሽፋን ስከፍተው ውስጡ የሌላ ሰው የኳስ ሲዲ ተቀምጧል፤ ጠርዙ ላይ የሽሮ ጠብታ ደርቆበታል። የእኔው ሦስት ቤት ዞሮ በአሥረኛው ቀን ተገኘ። ተናድጄ ነበር፤ ግን በዚያው ሰሞን የእኔ ያልሆነውን የኳስ ጨዋታ ስጫወት ከረምኩ። ለዚህ ሁሉ ዝውውር ማንም የማንንም ይለፍ ቃል አልጠየቀም።

መሸጥም አለ። የኳስ ጨዋታው አዲሱ እትም በየዓመቱ የሚወጣው በመስቀል ሰሞን ነው። አሮጌውን ነሐሴ ላይ የሸጠ ደህና ገንዘብ ያገኛል፤ ደመራ ከተለኮሰ በኋላ ግን የሚጠይቀውም የለም። በአካውንት የተገዛው የኳስ ጨዋታ ግን ነሐሴም መጣ መስከረም ያው ተቀምጦ ያረጃል። ስለዚህ ኳስን ከእንግዲህ በሲዲ ብቻ ነው የምገዛው።

ሲዲው መልአክ ነው አላልኩም። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ጨዋታው ከሲዲው ላይ ተገልብጦ መሣሪያው ውስጥ ይገባል እንጂ ከሲዲው ላይ አይሠራም፤ ቦታ አይቆጥብም ማለት ነው። 1 ቴራባይት የተባለው ማከማቻ ለጨዋታ የሚተርፈው ከ850 ጊጋባይት ያነሰ ነው፤ እኔ ከስድስተኛው ወር ጀምሮ አንዱን ሳላጠፋ ሌላውን አልጭንም። ከጫንኩ በኋላም ማሻሻያ አውርድ ይባላል። ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው። 90 ጊጋባይት የሚመዝን ጨዋታ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያመጣ መስመር፣ መስመሩ አንዴም ሳይደክም 20 ሰዓት ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የነፋስ ተርባይኖቹ ከከተማው በላይ ሲሽከረከሩ እያዩ መጠበቅ ነው።

ያው ነፋስ አቧራውን ያመጣል። የአዳማ አቧራ መስኮት ተዘግቶም ይገባል። ብሉሬይ ላይ መረጃው የተቀመጠው ከገጹ በጣም ቀርቦ ስለሆነ ጠንካራ ልባስ ይደረግበታል፤ ያም ሆኖ አንዱን ሲዲ በነጠላ ጫፍ ክብ ክብ እያደረግሁ ጠርጌ አበላሽቼዋለሁ። የሚጠረገው ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ በለስላሳ ጨርቅ።

ከዚህ የሚከፋም አለ። ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና ጨዋታ ሰርቨር (ጨዋታው በኢንተርኔት የሚገናኘውን የኩባንያውን ኮምፒውተር) መጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ፣ በሲዲ የገዙትም በአካውንት የገዙትም እኩል ቀሩ፤ ጨዋታው ያለ ሰርቨር አይንቀሳቀስም ነበርና። ስዊች 2 ለተባለው የኒንቴንዶ መሣሪያ ከሚሸጡት የጨዋታ ካርዶችም አንዳንዶቹ ውስጣቸው ጨዋታ የለም፤ ቁልፍ ብቻ ይዘው ጨዋታውን ከኢንተርኔት አውርድ ይላሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ማስገቢያ የሌለውን በርካሽ ላቀረበልኝ ሻጭ ዛሬ መልስ አለኝ፤ የዋጋው ልዩነት በሁለት የተሸጡ የኳስ ሲዲዎችና ባልገዛኋቸው፣ ተውሼ በጨረስኳቸው ጨዋታዎች ተመልሶልኛል። በአካውንት የምገዛው ልጄ በየቀኑ የሚከፍታትንና ቅናሽ ሲደረግ ዋጋዋ በጣም የሚወርደውን ብቻ ነው።

ይህን ስጽፍ ከአምስቱ ሲዲዎች ሁለቱ ሰው ጋ ናቸው። አንደኛው ፍራንኮ አካባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ሁለተኛውን የጎረቤቴ ልጅ ለማን እንዳዋሰው ትናንት ጠይቄው «ጋሼ፣ ነገ አመጣዋለሁ» ብሎኛል።