ለሙሽሮችና ለቤተሰቦች፦ ‹‹ሙሉ ፓኬጅ›› ስለሚባለው የዲያኒ ባሕር ዳርቻ ጉዞ የቀረበ ማስጠንቀቂያ

ከፋሲካ በኋላ እስከ ሰኔ ጾም መግቢያ ድረስ ባለው የሠርግ ወቅት በጎንደር አንዳንድ የጉዞ ወኪሎች ‹‹የጫጉላ ሽርሽር በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ሙሉ ፓኬጅ›› የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይለቃሉ። መዳረሻው ብዙውን ጊዜ ከሞምባሳ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የኬንያው ዲያኒ ነው። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ከእነዚህ ወኪሎች በአንዱ በኩል ሄደን ነበር። ዘንድሮ ያው ማስታወቂያ አንድ ቃል ሳይለወጥ ተመልሶ በመምጣቱ፣ ቀብድ ልትከፍሉ ያሰባችሁ ሁሉ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እንጠይቃለን።

ዲያኒ በራሱ ምንም እንከን አይወጣለትም። አሸዋው እንደ ዱቄት የደቀቀና ነጭ ነው፤ ከዳርቻው ፊት ለፊት የተዘረጋው የኮራል አለት ደግሞ ከጥልቁ የሚመጣውን ማዕበል ስለሚሰብረው፣ ዋና የማይችል ሰው እንኳ እስከ ወገቡ ገብቶ ያለ ስጋት ይቆማል። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ምንም ላለመሥራት ነው፤ ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎች በግራና በቀኝ መደገፊያ እንጨት በታሰረላቸው ጠባብ ጀልባዎች ሲመለሱ ማየት፣ ቀትር ላይ ጥላ ሥር ጋደም ማለት፣ ሲያሰኝ ተነሥቶ ውሃ ውስጥ መግባት። ‹‹ማዳፉ›› የሚሉትን ለጋ ኮኮናት የሚሸጠው ሰው ጫፉን በቆንጨራ መትቶ ይከፍተዋል፤ ውሃውን ጠጥታችሁ ስትመልሱለት ለሁለት ይሰነጥቀውና ከዚያው ከቅርፊቱ ማንኪያ የምታህል ስንጣሪ ቆርጦ ውስጡን እንድትበሉበት ይሰጣችኋል። ይህ ሁሉ የሚገኘው በጥቂት ሽልንግ ነው። ፓኬጁ ግን በውድ እየሸጠ ይህንኑ ዕረፍት ይወስድባችኋል።

ዋናው ጉዳይ ወቅቱ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ‹‹ካስካዚ›› የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ባሕሩም በአብዛኛው ጸጥ ያለና የጠራ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ ነፋሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞርና ‹‹ኩሲ›› ይባላል፤ ከእርሱ ጋር ረጅሙ የዝናብ ወቅት ይገባል። ሚያዝያና ግንቦት የአካባቢው ከባድ የዝናብ ወራት ናቸው። ውሃው ይደፈርሳል፣ የባሕር አረም በአሸዋው ላይ ይከመራል፣ አንዳንድ ሆቴሎች ለእድሳት ይዘጋሉ፣ ያልተዘጉትም ዋጋቸውን በእጅጉ ይቀንሳሉ። የእኛ የሠርግ ወቅት ከፋሲካ በኋላ በመሆኑ፣ ወኪሉ ርካሹን ወር በውዱ ወር ዋጋ የሚገዛው ደንበኛ በቀላሉ ያገኛል። እኛ ባረፍንበት ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ላይ ተለጥፎ ያየነው የአንድ ሌሊት ዋጋ ወኪሉ ካስከፈለን ግማሽ አይሞላም ነበር። የዝናቡን ነገር ስንጠይቀው ‹‹ዝናብ የእግዜር ሥራ ነው›› ብሎ መለሰልን፤ ቅናሹ ግን የእግዜር ሥራ አልነበረም።

‹‹ባሕሩ አጠገብ›› የተባለው ማረፊያ የሚገኘው ዳርቻውን ተከትሎ ከሚሄደው ዋና መንገድ ማዶ፣ ወደ ኡኩንዳ ከተማ ገባ ብሎ ነው። ባሕሩን ለማየት በባጃጅ መሄድ ግድ ይላል። ዳርቻው ለማንኛውም ሰው ክፍት ቢሆንም መዳረሻው በሆቴሎች ግቢ መካከል ባሉ ጥቂት መተላለፊያዎች ብቻ ስለሆነ፣ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል ቤት በእግር ሲታሰብ ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ የሆቴሉን ስም በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ‹‹ባለ አራት ኮከብ ወይም ተመጣጣኙ›› በሚል አነጋገር አትርኩ።

ጣና ዳር ላደገ ሰው ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ሸሽቶ ይመለሳል ቢሉት አያምንም ይሆናል። በዚያ ዳርቻ ግን ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። የፓኬጁ መርሐ ግብር ይህን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ‹‹የባሕር ዋና፣ ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት›› ብሎ ለሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ሰዓት መድቧል። ውሃው በሸሸበት ሰዓት አውቶቡስ አምጥቶ ያራገፈን ሰዎች ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ውሃ ውስጥ፣ ጥቁር እሾሃማ የባሕር ፍጡራን በተሰገሰጉበት አለት ላይ ነጠላ ጫማችንን እየጠበቅን ቆምን። ባሕሩ ሞልቶ ሲመለስ እኛ ኮሚሽን ወደሚከፍሉ የቅርጻ ቅርጽና የቅመም ሱቆች ተወስደናል። ከመርሐ ግብሩ ወጥቶ ዳርቻው ላይ ለመቅረት የፈለገ ሰው የመመለሻውን መጓጓዣ ከኪሱ ይከፍላል፤ ይህ በውሉ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ‹‹ምግብን ይጨምራል›› ማለት ቁርስ ብቻ ማለት ነው። ወደ ኪሲቴ የባሕር ፓርክ የሚደረገው የጀልባ ጉዞ ‹‹ተካቷል›› ቢባልም የፓርኩ መግቢያ ለየብቻ ይከፈላል። ከሁሉም የሚያስገርመው ‹‹የቪዛ ማስፈጸሚያ›› ተብሎ የተጠየቀው ገንዘብ ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለጉብኝት ወደ ኬንያ ሲገባ ቪዛ አይጠየቅምና።

በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያ የተከለከለ ነው። ቅሬታ ለማቅረብ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ክፍያውን በባንክ አድርጉ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ማስታወቂያውን ከመሰረዙ በፊት በስልካችሁ አስቀሩት። ቀሪውን ክፍያ ከመጨረሳችሁ በፊት ወደ ሆቴሉ በቀጥታ ደውላችሁ ክፍሉ በስማችሁ መያዙን አረጋግጡ፤ የእኛ ወኪል ይህን ስንጠይቀው ‹‹የውስጥ አሠራር ነው›› በማለት የሆቴሉን ስም ሊነግረን ፈቃደኛ አልነበረም።

ወኪሉ ያልጠቀሰው አንድ ሰነድም አለ። ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ ኬንያ ሲገባ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ በመሆኑ፣ በሠርጉ ግርግር መካከል ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።