«ለማንኛውም ኒኮን ይሆናል» የሚባለውን 70-300 ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት

የደብረ ማርቆስም፣ የእንጅባራም፣ የባሕር ዳርም ካሜራ ያዦች፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ።

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ስለሆነ ሰዉ ከወዲሁ ረጅም ዙም ሌንስ ያፈላልጋል። ሻጭም ይህን ያውቃል። አንድ ጓደኛዬ ማርቆስ ውስጥ የኒኮን 70-300 ገዛ። «አዲስ ነው፣ አውቶ ነው፣ ለማንኛውም ኒኮን ይሆናል» ተባለ። አውቶ ማለት ፎከሱን ራሱ ያስተካክላል ማለት ነው። ካሜራው ዲ3500 መሆኑን ነግሮታል። ልሞክረው ሲል ግን «ማሸጊያው ከተከፈተ አዲስነቱ ቀረ» ብሎ ከለከለው።

እኛ ጓሮ ይዞት መጣ። እሬቱ አብቧል፤ አበባ የምትቀስመው ትንሿ ወፍ ከላዩ አትጠፋም። ፎከስ እንዲያደርግለት ሹተሩን፣ ማንሻ ቁልፉን ማለት ነው፣ በግማሽ ተጫነ። ዝም። ደግሞ ተጫነ። ሌንሱ ንቅንቅ የለም። ወፏ አበባ በአበባ እያዳረሰች እኛ የፎከሱን ቀለበት እናዞራለን። በእጅ ፎከስ ያደረግናቸውም ኮምፒውተር ላይ ሲታዩ አብዛኞቹ ደብዛዛ ናቸው።

ሌንሱን ነቅለን ኋላውን አየነው። ካሜራው ላይ የሚገጠመው የኋላ ቀለበት ላይ የብሎን አናት የምትመስል፣ መሐሏ የተሰነጠቀች ነገር አለች። ነገሩ እሷ ናት። ይሄ ሌንስ የራሱ ሞተር የለውም፤ ፎከስ የሚያደርገው ካሜራው ውስጥ ያለ ሞተር ያቺን ብሎን ሲያዞርለት ነው። ዲ90፣ ዲ7000 እና ዲ7500 ሞተሩ አላቸው። ዲ3100፣ ዲ3500፣ ዲ5300፣ ዲ5600 የላቸውም። እኛ አካባቢ በብዛት የማየው ደግሞ እነዚህኑ ነው!

ስለዚህ ሌንሱ ላይ የተጻፈውን እዩ። «ኤኤፍ» (AF) ብቻ ካለ ለነዚህ ካሜራዎች አውቶ አይደለም። «ኤኤፍ-ኤስ» (AF-S) ካለ ሞተሩ ውስጡ ነው። «ኤኤፍ-ፒ» (AF-P) የሚልም አለ፤ ዲ3500 ላይ ይሠራል፣ ዲ3100 እና ዲ90 ላይ ግን አይሠራም። «ቪአር» (VR) የሚል ጽሑፍ ከሌለው የእጅ መንቀጥቀጥን አይከላከልም። ያለ እሱ ዙሙን እስከ 300 ስባችሁ በእጅ ስታነሱ የሹተር ፍጥነታችሁ ቢያንስ 1/500 ሰከንድ ካልሆነ ፎቶው ሊደበዝዝ ይችላል፤ ዛፍ ጥላ ሥር ይሄን ማግኘት ቀላል አይደለም።

«አዲስ» የተባለውም ነገር ያስቃል። ሞዴሉ ከ20 ዓመት በፊት የወጣ ነው። የኋላ ቀለበቱ ዙሪያውን ተጭሯል፤ ብዙ ጊዜ ተገጥሞ የተነቀለ ዕቃ ነው። ስላሹን፣ ያገለገለውን ማለት ነው፣ አሽገው በአዲስ ዋጋ ሸጡለት። በስልክ መብራት ውስጡን ማየትም አትርሱ። ጣና ዳር የከረመ ሌንስ ከሆነ ደግሞ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ሊኖረው ይችላል።

ኒኮንን አልወቅስም። ሌንሱ ለተሠራለት ካሜራ ይሠራል፤ ለቆመ ነገርም በእጅ ፎከስ ይሆናል። ለሚጋልብ ፈረስ ግን በጭራሽ። በእጃችሁ ቀለበት እስክታዞሩ ፈረሱ አልፏል።

የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩ ፊት ግጠሙት፣ ሹተሩን በግማሽ ተጫኑ። አይሞከርም ካላችሁ ጥላችሁ ውጡ። ለጓደኛዬ የሸጠለት ሰው ዕቃውን መልሼ አልወስድም ብሏል፤ ደረሰኝም አልሰጠውም። ዲ90 ወይም ዲ7000 ያላችሁ ካላችሁ የጓደኛዬ ሌንስ ይሸጣል። ያገለገለ ነው፣ የኋላ ቀለበቱም ተጭሯል፤ መጥታችሁ ጓሮ ሞክሩት።