አልሙኒየሙ ራዲያተርና ትንሹ ታንክ፦ በዳማሴ ላይ ከ14 ወር በኋላ

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ሸዋ በር አጠገብ መኪናዬን አቁሜ ሳለ አንድ ወጣት የዳማስ ባለቤት ቀረበኝ። ከፊት መከላከያው ኋላ ብልጭ የሚለውን አልሙኒየም ራዲያተር አጎንብሶ አየና «ጋሼ፣ ሐረጎን ሳትፈላ የምታወጣዎት በዚህ ነው አይደል?» አለኝ። ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው። አይደለም ብዬ ማስረዳት ስጀምር ስልኩ ጠራ፤ «የት እንደሚሸጥ ብቻ ይንገሩኝ» ብሎኝ ሄደ። ሳልነግረው የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ እኔም የዛሬ 14 ወር ልክ እንደ እርሱ ቸኩዬ ገንዘቤን ያለ ቦታው አውጥቻለሁና።

ዳማስን ለማያውቅ ሰው፣ ዴዎ የተባለው የኮሪያ ኩባንያ የሱዙኪ ኬሪን ንድፍ ወስዶ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሠራት፣ 796 ሲሲ የሆነ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ያላት ትንሽ መኪና ናት። ሞተሯ ከፊት ወንበሮች ስር ነው፤ ራዲያተሯ ግን ከፊት ለፊት አፍንጫዋ ላይ በመሆኑ ውሃው ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ፣ ከራዲያተሩም ወደ ሞተሩ የሚመላለሰው በመኪናዋ ሆድ ስር በተዘረጉ ረጃጅም ቱቦዎች ነው። ሞተራቸው ከሾፌሩ ጀርባ የሆነ የስፖርት መኪናዎች፣ እንዲሁም በውጭ አገር ሰዎች ክፍሎቹን ገዝተው በየቤታቸው የሚገጣጥሟቸው ባለ መሐል ሞተር መኪናዎች አሠራራቸው ይኸው ነው። የሚያስቸግራቸውም ነገር እኔን ያስቸገረኝ ነው።

ደሴ ውስጥ የልብስ ስፌት ዕቃ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከኮምቦልቻ ዕቃ አመጣለሁ። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ በ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ በመሆናቸው፣ ከ600 ሜትር በላይ የሆነው አቀበት አብዛኛው ሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ተከማችቷል። መኪናዋ በቀረው አገልግሎቷ አላሳፈረችኝም፤ ያልቻልኩት ሐረጎን ብቻ ነበር። ከሁለተኛው መታጠፊያ በኋላ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ይሄዳል፤ እኔም ጥግ ይዤ፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጌ እቆማለሁ።

የመለዋወጫ ሱቁ ሻጭ የነገረኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «አብሽር ወንድሜ፣ ይኼ ባለ ሦስት ረድፍ አልሙኒየም ነው፤ የድሮውን ሦስት እጥፍ ያቀዘቅዛል። ቴርሞስታቱን ደግሞ አውጥተህ ጣለው፤ ደሴ ድረስ ቀስቱ አይነቃነቅም።» አመንኩት። ነባሩን የመዳብ ራዲያተር አስነቅዬ አዲሱን አስገጠምኩ፤ ውሃው ሲሞቅ እየተከፈተ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ቴርሞስታቱንም አስወጣሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ 350 ኪሎ የሚሆን ጨርቅ ጭኜ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ስወጣ፣ ቀስቱ ከድሮውም ቀድሞ መሐሉን አለፈ። ከወንበሬ ስር ጀበና ሲንተከተክ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ሙቀቱን ይቀንስልኛል ብዬ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ ከማሞቂያው የወጣው አየር ግን እንደ ጧት ንፋስ የቀዘቀዘ ነበር። ሞተሩ እየፈላ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ሲተፋ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም። አሁን ግን ለማንም የዳማስ ባለቤት ከሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ምልክት ይኸው ነው፤ የፈላው ውሃ ወደ ማሞቂያው መድረስ አልቻለም፣ በመንገዱ ላይ አየር ተቀምጧል ማለት ነው።

በማግስቱ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። ሐጂ የምንላቸው የጋራዡ ባለቤት ራዲያተሩን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ሞተሩን አስነስተው ትንሽ ከቆዩ በኋላ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ቱቦ በእጃቸው ነኩት፤ ያቃጥላል። የሚመለሰውን ነኩት፤ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያም አሮጌውን የራዲያተር ክዳን አምጣ አሉኝና ጎማው ደርቆ መሰነጣጠቁን አሳዩኝ። «ልጄ፣ መኪናህ ራዲያተር አላነሳትም፤ አየር ነው የበዛባት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክዳኑ ግፊት መያዝ ሲያቅተው ውሃው በቀላሉ እየፈላ በትርፉ መውጫ ይወጣል፤ ሞተሩ ሲበርድ ደግሞ በወጣው ውሃ ምትክ አየር ይሳባል። ሞተሩ ከፊት በሆነ መኪና ላይ ይህ አየር ወደ ራዲያተሩ አናት ወጥቶ በክዳኑ በኩል ያመልጣል፤ በእኔ መኪና ላይ ግን ከፍተኛው ቦታ የራዲያተሩ አናት ሳይሆን ከወንበሩ ስር ያለው የቴርሞስታቱ ቤት ነው። አየሩ እዚያ ይከማችና አይወጣም። የውሃው ፖምፓ የሚገፋው ውሃ ነው፤ ክንፎቹ አየር ሲያገኙ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ዝውውሩም ይቆማል። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አጠገብ አየር ሲያዝ ደግሞ በዚያ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በሞተሩና በራሱ መካከል ያለው ማሸጊያ) የሚቃጠለው በዚህ ጊዜ ነው። አዲሱን ራዲያተር ስናስገጥም ቱቦዎቹን ሁሉ ባዶ አድርገን እንደገና ስለሞላን፣ ቀድሞ ትንሽ የነበረውን አየር እኛው ራሳችን አበዛነው። ቶዮታ ኤም አር ቱ የተባለችውን ባለ መሐል ሞተር መኪና ሲሠራ ለአየር ማስወጫ የተለዩ ብሎኖችን የገጠመላት ያለ ምክንያት አይደለም። መኪና በየቤታቸው የሚገጣጥሙትም ሰዎች ከሁሉ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ግፊት የሚችል ትንሽ ታንክ ያስቀምጣሉ።

ሐጂም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከአሮጌ መኪና የተፈታ፣ ሁለት ሊትር ገደማ የሚይዝ የፕላስቲክ ታንክ ከጋቢናው ወንበር ኋላ፣ ከቴርሞስታቱ ቤት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው አሰሩት። ከታንኩ ግርጌ ወፍራም የጎማ ቱቦ አውጥተው ፖምፓው ከሚስብበት በኩል አገናኙት፤ ከራዲያተሩ አናትና ከቴርሞስታቱ ቤት ደግሞ እንደ እርሳስ የቀጠኑ ሁለት ጎማዎች ወደ ታንኩ ላይኛው ክፍል ወሰዱ። በቀጭኖቹ አየሩ ይወጣል፣ በወፍራሙ ውሃው ይተካል። ከአዲሱ ራዲያተር ጋር የመጣውን፣ 1.3 (የሚይዘው ግፊት በባር ነው) የሚል የተጻፈበትን ክዳን በደፋና ክዳን ለወጡትና ታንኩ ላይ 0.9 የሚል ክዳን አደረጉ፤ ያረጁት የውሃ ጎማዎቼ ለ0.9 እንጂ ለ1.3 የተሠሩ አልነበሩም። የተጣለውንም ቴርሞስታት በአዲስ ተኩ፤ 82 የሚል የተቀረጸበት ሲሆን ትንሿ የአየር ቀዳዳው ወደ ላይ እንድትሆን አድርገው አስገቡት።

አየሩን ስናስወጣ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ቁልቁለቱ፣ ጀርባዋን ወደ ዳገቱ አዙረን ታንኩ ይበልጥ ከፍ እንዲል አደረግን፤ ማሞቂያውም ክፍት ነበር። ሐጂ ቀጭኑን ጎማ ከታንኩ ነቅለው በጣታቸው እየያዙና እየለቀቁ፣ ታንኩን በቀዝቃዛ ውሃ ይሞሉ ነበር። መጀመሪያ ጎማው አየር ብቻ ተነፈሰ፤ ቀጥሎ ውሃና አየር እየቀላቀለ ተፋ፤ ከዚያ የዛገ ቡናማ ውሃ መጣ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ውሃው ሳይቆራረጥ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሲወርድ ጎማውን መለሱና ፋሸታውን (የጎማ ማሰሪያውን) አጠበቁ። ታንኩ ብዙ ውሃ ጨምሮ ጠጣ። አየር ሆዷ ውስጥ ተይዞ እያለ ነው እኔ ወፍራም ራዲያተር የገዛሁት።

በዚያው ሳምንት ሐረጎን ወጣሁ፤ ቀስቱ ከመሐል በታች ቆመ። ከዚያን ቀን ወዲህ በ14 ወር ውስጥ አንድም ጊዜ ድንጋይ ጎማ ስር አላደረግሁም።

የክዳኑ ነገር ደሴ ላይ ከሌላው አገር የበለጠ እንደሚያሳስብ ሻጮቹ ሊያውቁት ይገባል። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 0.9 የሚይዝ ደህና ክዳን ደሴ ላይ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ይገፋዋል፤ የተሰነጠቀ ክዳን ግን ቴርሞስታቱ ከሚከፈትበት 82 ዲግሪ አሥር ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ውሃው እንዲፈላ ያደርጋል። አየሩም በዚህ ከፍታ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ በመሆኑ ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያንኑ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ክዳን ሳይመረመር ራዲያተር መሸጥ ለእኔ ልክ ያልሆነ ሥራ ነው። ያ ሻጭ ክዳኔን አምጣ ቢለኝ ኖሮ የራዲያተሩን ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ይዤ እመለስ ነበር።

ለራሱ ለራዲያተሩ ፍትሐዊ ለመሆን ሞክሬያለሁ፤ ሆኖም አልወደድኩትም። ውፍረቱን እንደ መልካም ነገር ሸጡልኝ፤ ዳማስ ሐረጎን የምትወጣው ግን በሰዓት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚህ ፍጥነት የሚመጣው ንፋስ ደካማ በመሆኑ ሦስቱን ረድፍ ሰንጥቆ የማለፍ ጉልበት የለውም። የመጀመሪያው ረድፍ ያሞቀውን አየር ሁለተኛውና ሦስተኛው ይቀበሉታል። ይህ በግልጽ የታየኝ በግንቦት ለሰኞ ገበያ ወደ ባቲ ወርጄ ስመለስ ነው፤ ታንኩ ስላለ አልፈላችም፣ ቬንትሌተሩ ግን ከባቲ እስከ ኮምቦልቻ አላረፈም። በኋላ በራዲያተሩ ዙሪያ የነበሩትን ክፍተቶች ንፋሱ በጎን እንዳያመልጥ በላሜራ ስደፍናቸው፣ ቬንትሌተሩ በየመሐሉ ማረፍ ጀመረ። ላሜራው ከአሮጌ የዘይት ጣሳ የተቆረጠ ነው፤ ወጪው የመቀስና የብሎን ብቻ ነበር።

በሰባተኛው ወር ደግሞ ከማሰሪያው ሥር፣ ብየዳው ላይ ተሰነጠቀ። የመዳብ ራዲያተር ቢሆን ማንኛውም ራዲያተር ሠሪ በቆርቆሮ ይደፍነው ነበር፤ አልሙኒየም ግን በአርጎን የሚበይድ ሰው ይፈልጋል። ደሴ ውስጥ የጠየቅኋቸው ሁለት በያጆች አይሆንልንም አሉኝ፤ ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ ሳምንት ሱቄን ያለ ዕቃ አቆይቼ አሠራሁት። ስንጥቁ የመጣው ራዲያተሩ ያለ ጎማ ትራስ በቀጥታ ከቦዲው ጋር በብሎን በመታሰሩ ነው። አሁን ከሥሩ የጎማ ቁራጭ አለ፤ ግማሽ በግማሽ ኩላንትና ዲስቲልድ ውሃ እጠቀማለሁ እንጂ የቧንቧ ውሃ አልጨምርም፤ አልሙኒየም በተራ ውሃ ቶሎ ይበላልና።

«ቴርሞስታቱን ጣለው» ለሚሉት ሁሉ ደግሞ የምመልሰው አለኝ። በታኅሣሥ ጧት ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በዚያ ብርድ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ነው ከተማውን የሚዞረው፤ ቤንዚን ይበላል፣ ሲሊንደሩም ያለ ጊዜው ያልቃል። በወጣበት ጥቂት ቀናት ውስጥ እንኳ ልዩነቱን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ለታንኩ፣ ለጎማዎቹ፣ ለክዳኖቹና ለሐጂ የእጅ ዋጋ በድምሩ የከፈልኩት ለራዲያተሩ ከከፈልኩት አንድ አሥረኛ አይሞላም። የራዲያተሩን ገንዘብ ዛሬ ብይዝ ነባሩን የመዳብ ራዲያተር አሳጥቤ፣ ታንኩንና ደህና ክዳን ገጥሜ፣ በተረፈው አዲስ ፖምፓ እገዛ ነበር። አልሙኒየሙን ግን አሁን አላስወጣውም፤ ማስወጣት ማለት ቱቦዎቹን እንደገና ባዶ ማድረግ ነው።

ዘወትር እሑድ ጧት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ወንበሩን ወደ ፊት አጥፌ ታንኩ ላይ በቀይ ቀለም ያሰመርኩትን መስመር አያለሁ፤ ከሰኔ ወዲህ ውሃው ከመስመሩ ፈቀቅ አላለም። ያ ወጣት ይህን ካነበበ ራዲያተሩን ከመግዛቱ በፊት አንድ እሑድ ጧት ይምጣ። የራሱንም ክዳን ይዞ ይምጣ።