ኡቡንቱ የጫንኩበት ያገለገለ ላፕቶፕ፦ ከወራት በኋላ ስለ ታችፓዱ

ላፕቶፑን ያገለገለ ነው የገዛሁት። ኡቡንቱ 22.04 (ከሊኑክስ ስርዓተ ክወናዎች አንዱ) ከጫንኩበት ወራት አልፈዋል። ባትሪው ደህና ነው፣ ኪቦርዱ ግሩም ነው፣ ዋይፋዩ ምንም ሳልነካካው ሠርቷል። ስለነዚህ ብዙ የምለው የለኝም። ታችፓዱ ግን መጀመሪያ ሰሞን አስመርሮኛል፤ አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው።

በአንድ ጣት ቀስቱ በደንብ ይሄዳል። በሁለት ጣት ስክሮል ያደርጋል። በሦስት ጣት ሲሆን ግን አንዴ ይታዘዛል፣ አሥሬ እምቢ ይላል። ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የሚመጣው ኖም 42 የሚባለው ዴስክቶፕ በሦስት ጣት ወደ ጎን ሲጠርጉ ወደ ሌላ የሥራ ገጽ፣ ወደ ላይ ሲጠርጉ የተከፈቱትን መስኮቶች ሁሉ ወደሚያሳየው እይታ ይወስዳል። ይህን አንዴ የለመደ ሰው ያለሱ መሥራት ይከብደዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ታችፓዱ ተበላሽቷል ብሎ ይቀይረዋል። ገንዘባችሁን አታባክኑ። ሊኑክስ ላይ የጣት እንቅስቃሴ በሦስት ደረጃ ነው የሚያልፈው። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ጣቶቹን ከሃርድዌሩ ያነባል። ሊብኢንፑት የሚባለው ፕሮግራም ንባቡን ተቀብሎ ስክሮል ነው ወይስ ጠረጋ ብሎ ይለያል። ዴስክቶፑ ደግሞ ምን ይደረግ የሚለውን ይወስናል። የቱ ጋ እንደተሰናከለ ሳይታወቅ ሴቲንግ መነካካት ልፋት ብቻ ነው።

ዴስክቶፑን መፈተሽ ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ኮምፒውተሩ የሚገልጸው ገጽ ላይ መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየው ሥርዓት ዌይላንድ የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። ኤክስ ኢሌቨን ካለ የኖም የሦስት ጣት ጠረጋ አይሠራም፤ እዚያ ላይ ቱሼግ የሚባል ፕሮግራም ይረዳል። የኔ ዌይላንድ ነበር።

ቀጥሎ ሊብኢንፑት ቱልስ የሚባለውን ጥቅል ጫንኩና ተርሚናል ላይ ዲበግ ኢቨንትስ የሚለውን ትእዛዝ አስነሳሁ። ጣት ባረፈ ቁጥር መስመር ይጽፋል፤ ስንት ጣት እንዳየም ይናገራል። ሦስት ጣት አድርጌ ስጠርግ አንዴ ጠረጋ ይላል፣ አንዴ ሁለት ጣት ብቻ አይቶ ስክሮል ይላል። ስለዚህ ጉዳዩ ከዴስክቶፑ በታች ነው።

መልሱ የተገኘው ከርነሉ ሲነሳ ከሚጽፈው መዝገብ ውስጥ ነው። ታችፓዱ በሌላ መስመርም መሥራት እንደሚችል ይገልጽና ሲናፕቲክስ ኢንተርተች የሚባለውን አማራጭ ዋጋውን 1 አድርጋችሁ ሞክሩት ይላል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ታችፓዱ ሲገናኝ የነበረው በ1987 በወጣው በፒኤስ ቱ መስመር ነው። በዚያ መስመር እንዲህ ያለው ታችፓድ ትክክለኛ ቦታቸውን የሚናገረው ለሁለት ጣቶች ብቻ ነው፤ ሦስተኛውን ይቆጥረዋል እንጂ የት እንዳለ አይናገርም። ኤስኤምባስ በሚባለው መስመር ሲሆን ግን የሁሉንም ቦታ ይልካል።

መጀመሪያ ለጊዜው ሞክሩት። ፒኤስ ማውስ የሚባለውን የከርነል ሞጁል (ታችፓዱን የሚያሠራውን የከርነሉን ክፍል) ከሥራ አውጥቶ ከነአማራጩ መልሶ ማስገባት ነው። በዚያች ቅጽበት ታችፓዱ ስለሚጠፋ የዩኤስቢ ማውስ ይኑራችሁ። ከሠራ ኮምፒውተሩ ሲበራ ሊኑክስን በሚያስነሳው በግራብ ፋይል ላይ አማራጩን ጨምሩትና ግራብን አድሱ፤ ከዚያ ሪስታርት። የኔ ወዲያው ነው የተስተካከለው። ሦስት ጣት ሳሳርፍ ገጹ ከጣቴ ጋር እኩል ይንቀሳቀሳል፣ መሀል ላይ ሐሳቤን ብቀይር እንኳ አብሮኝ ይመለሳል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። አልፎ አልፎ ላፕቶፑ ከእንቅልፍ ሲነቃ ታችፓዱ አብሮት አይነቃም። ያን ሞጁል ከሥራ አውጥቼ መልሼ ሳስገባው ይነሳል፤ ግን ሥራ ላይ እያለሁ ሲሆን ያናድዳል። ስለዚህ ሦስት ጣት የማያስፈልገው ሰው አማራጩን ባይነካው ይሻለዋል።

አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ታችፓዱ በብዛት የሚገናኘው አይ ቱ ሲ በሚባል መስመር ስለሆነ ይህ መፍትሔ ለእነሱ አይሆንም። የዲበግ ኢቨንትስ ፍተሻው ግን እዚያም ይሠራል።