16 ጊጋ ራም ይበቃዋል ብሎ ከወጪ ላዳነኝ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ገጽ ላይ የሰው ጽሑፍ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ግን እግዜር ይታዘበኛል። ኮምፒውተር ለልጆቻችሁ የምትገዙ እናቶችና አባቶች እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ሰፊ ነኝ። የመጨረሻ ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። አባቱ ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ልጁ ዝምተኛ ሆነብኝ። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሰፈራችን ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ይገባና እስኪመሽ አይወጣም። እዚያ ቤት ውስጥ ጫት ይቃማል፣ ሲጋራ ይጨሳል፣ በብር ይጫወታሉ። ስንት ቀን ነጠላዬን እንደለበስኩ ሄጄ ከበር ጠርቼዋለሁ። እቁብ ሲደርሰኝ እንግዲህ ቤቱ ሆኖ ይጫወት፣ ከዓይኔ አይራቅ ብዬ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁለት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር በገበያ ከሆነ ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ያንን ገንዘብ ያጠራቀምኩት በመርፌ ነው።

ሳምንት ሳይሞላው ኮምፒውተሩ ይቆምበት ጀመር። የኳስ ጨዋታው ጥሩ ይጀምርና ከጓደኞቹ ጋር በኢንተርኔት እየተነጋገረ ሲጫወት መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ጓደኞቹም "ስለ አንተ እየተሸነፍን ነው" ብለው ከቡድናቸው አስወጡት። አንድ ማታ "እማ፣ ተይው፣ እዚያው ቤት ሄጄ እጫወታለሁ" ሲለኝ አንጀቴ ነው የተቆረጠው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንግልት ልንገራችሁ። የማንንም ስም አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራ ወደ ኋላ ትረዱኛላችሁ።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ሻጩ ኮምፒውተሩን ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው "ለጌም ከሆነ ከ64 ጊጋ ራም በታች አይታሰብም፣ ይህን ሸጣችሁ ሌላ ግዙ" አለን። የነገረኝ ዋጋ ከእቁቤ ይበልጣል። ልጄ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ሁለተኛው ቦታ "ሜሞሪው ሞልቶ ነው፣ ፎቶና ቪዲዮ አጥፉ" አሉን። አጠፋን። ካጠፋነው ውስጥ የባለቤቴ ቪዲዮ ነበረበት፤ ልጃችንን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ጃን ሜዳ ጥምቀት ሲያከብር የሚያሳይ። ጅዳ ያለችው እህቴ ቅጂው ኖሯት በቴሌግራም መልሳ ባትልክልኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ሳለቅስ እኖር ነበር። ኮምፒውተሩም ፎቶው በመጥፋቱ ምንም አልተሻለውም። ተመልሰን ስንሄድ ደግሞ አንድ ራም ሸጡልን። ቤት ወስደን ልንከተው ስንል መሀሉ ላይ ያለችው ክፍተት አትገጥምም። ይዘን ስንመለስ በጉልበት ሊያስገቡት ሞከሩ፤ አልገባም። ብሬን መልሱልኝ ስል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አሳዩኝ። እናንተው መርጣችሁ የሸጣችሁልኝ አይደለም ወይ ብላቸው የሚሰማኝ አጣሁ።

ሦስተኛው ቦታ ኮምፒውተሩን አሥራ አንድ ቀን አቆዩት። "ነገ ይምጡ" "ከሰዓት ይምጡ" ሲሉኝ ከሽሮ ሜዳ እየተመላለስኩ፣ የሰው ቀሚስ እያሳደርኩ። በመጨረሻ "ራም ጨምረንለታል፣ 16 ሆኗል" ብለው ገንዘብ ተቀበሉኝ። ቤት ስንወስደው ያው ነው። ስደውል "ችግሩ ኢንተርኔታችሁ ነው" አሉኝ።

አንዲት ደንበኛዬ ቀሚስ ልትለካ መጥታ ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ አለችኝ። ስነግራት መገናኛ አንድ ፎቅ ላይ ትንሽ ሱቅ ያለው ልጅ አለ፣ እሱን ሳታሳዪ ምንም እንዳትገዢ አለችኝ። ከእንግዲህ ማንንም አላምንም ብያት ነበር። ደግነቱ ሰማኋት።

ሱቋ ሁለት ሰው ካስገባች ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ናት። ልጁ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። "ማዘር፣ ይቀመጡ" ብሎ የራሱን ወንበር ለቀቀልኝና ልጄን "አንተ ጀግና፣ ምን ትጫወታለህ?" ብሎ ጠየቀው። እስከዚያ ቀን ልጄን ያናገረው አንድም ሰው አልነበረም! ሁሉም የሚያዩት የእኔን ቦርሳ ነው።

"እስቲ እዚሁ ክፈትና ተጫወት፣ ቤትህ እንደምትጫወተው አድርገህ" አለው። ልጄ ኳሱንም፣ ከጓደኞቹ ጋር የሚያወራበትንም፣ ዩቲዩቡንም ከፈተ። ባለ ሱቁ ልጅ ሦስት ቁልፍ በአንድ ጊዜ ተጫነና ሜሞሪ የሚል ገጽ አውጥቶ እኔን ጠራኝ። "ማዘር፣ ይህን ቁጥር ያንብቡልኝ" አለኝ። 8 ይላል። 16 ሆኗል ተብዬ የከፈልኩበት ኮምፒውተር 8! ከታች ደግሞ ከአራቱ የራም ቀዳዳ የተያዘው አንድ ብቻ መሆኑ ተጽፏል። ከስምንቱ ሰባት ተኩል አልቋል፤ ዊንዶውሱ ብቻውን ወደ ሦስት ይዟል። ተቀምጬ ሳለ ላብ አጠመቀኝ።

ይህ ልጅ ማን እንደሠራው አልጠየቀኝም። "የት ወስደውት ነው?" አላለም፣ "ሌቦች ናቸው" አላለም፣ ራሱን በሰው ስም አላስመሰገነም። "እኛ ከዚህ እንጀምር" ብቻ አለኝ። እሱ ያልጠየቀኝን ስም እኔም እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ልብስ እሰፋለሁ አልኩት። "ጥሩ፤ ራም ማለት የመቁረጫ ጠረጴዛዎ ነው" አለኝ። "ጨርቅ የሚያስቀምጡበት መደርደሪያ ሌላ ነው፤ ፎቶና ቪዲዮ እዚያ ነው ያለው፣ እሱን ቢያጠፉት ጠረጴዛው አይሰፋም። አሁን ጠረጴዛዎ ጠቦ አንዱን ጨርቅ ሲያነሱ ሌላውን ሲዘረጉ ነው ሥራው የሚቆመው። ጠረጴዛውን ትንሽ እናሰፋዋለን። ግን የቤቱን ያህል ጠረጴዛ ቢገዙ ቀሚሱ አይፈጥንም፤ የሚሰፋው መኪናው ነው።"

እናንተዬ፣ ስንት ቦታ ዞሬ ያልገባኝ ነገር በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የቆምኩበትን ጠረጴዛ ነው የነገረኝ።

እኔም ታዲያ 64 ካላደረጋችሁ አይሆንም ተብለናል አልኩት። ወረቀት አወጣና ጻፈልኝ፤ ወረቀቱ አሁንም አለኝ። ልጄ የሚጫወተው ኳስ ሠሪዎቹ ራሳቸው ቢያንስ 8፣ ቢቻል 12 ነው ያሉት። ጂቲኤ 5 የሚባለው ጌም ደግሞ 8 ካለው ይበቃዋል፤ ለኮምፒውተር የወጣው በፈረንጆቹ 2015 ነው። "ሌላውን የሚከፍተውን ሁሉ ጨምረን 16 ይበቃዋል። 32 የሚያስፈልገው ከበድ ያለ አዲስ ጌም ወይ የቪዲዮ ሥራ ሲጀምር ነው። ያኔ ሁለት ባዶ ቀዳዳ ይቀረዋል፣ እንጨምርለታለን። 64ቱን ይርሱት። ገንዘብ ከተረፈዎት የጨዋታውን ምስል ለሚሠራው ለግራፊክስ ካርድ ያጠራቅሙ" አለኝ። ልብ በሉ፣ በዚህ ጊዜ ራም በዓለም ገበያ ተወዷል፤ ፋብሪካዎቹ ምርታቸውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት እያቀረቡ ነው ብሎ ያስረዳኝ ራሱ ነው። 32 ግዢ ቢለኝ እገዛው ነበር፣ እጁንም እስመው ነበር። አላለኝም።

ከነባሩ ጋር የሚሄድ አንድ ባለ 8 ከመሳቢያው አወጣ። ሁለት ሆነው ጥንድ ሲሠሩ አንዱ ብቻውን ከሚሠራው ይሻላል ብሎ ምክንያቱን ለልጄ አስረዳው፤ እኔ እሱን አልተከተልኩትም። ከዚያ ራሙን ለልጄ እጅ ሰጠው። "አንተ ነህ የምታስገባው" አለው። ልጄ እጁ እየተንቀጠቀጠ አስገባ፤ ቀጭ ሲል ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ጥርሱን ካየሁ ስንት ጊዜዬ! አባቱን መሰለኝ። ዞር ብዬ በነጠላዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ሂሳብ ስጠይቀው "አሁን አይከፍሉም። ሦስት ቀን ይጫወትበት፣ ካልተሻለው ይመልሱልኛል" አለኝ። መታወቂያ ላስይዝ ብለው "የልጅዎ ፊት ይበቃኛል" አለኝ። በዚህ ዘመን፣ በዚህ ከተማ!

በሦስተኛው ቀን ልጄ ራሱ ቁጥሩን አሳየኝ፤ ሁሉንም ከፍቶ እየተጫወተ 11 ገደማ ነው የያዘው። አልቆመም። ጓደኞቹም መልሰውታል። ሄጄ የራሙን ዋጋ ከፈልኩ፤ የሠራበትን አልቀበልም አለ። ያገለገለ ራም መሆኑን አስቀድሞ ነግሮኛል፣ ዋስትናም በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኛል።

ያ አልገባም ያለውን ራምም አሳየሁት። "ይሄ ዲዲአር 3 ነው፣ የእርስዎ ዲዲአር 4 ነው፤ ዕድሜ ልክ አይገጥምም። እዚህ ይተዉት፣ የድሮ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሲመጣ እሸጥልዎታለሁ" አለኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ብር ረስቼው ነበር። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቀሚስ እየቆረጥኩ ስልኬ ጮኸ፤ በቴሌብር ገንዘብ ገብቷል። ወዲያው ደወለ፣ "ማዘር፣ ያቺ ራም ተሸጠች" አለኝ። አንድ ሳንቲም አልቀነሰም።

የኔ ልጅ፣ ይህን ካነበብከው እመቤቴ ትጠብቅህ። ሥራህን ይባርክልህ። ለፋሲካ የምትለብሰው ሸሚዝ ጥለቱን ጀምሬልሃለሁ፤ የትከሻህን ልክ ብቻ ላክልኝ።

እናንተም ወላጆች እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ሂዱና አሳዩት። ራም ጨምረናል ከተባላችሁም ሳትከፍሉ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን በዓይናችሁ እዩ። የልጁን ስልክ ሳላስፈቅደው አደባባይ ማውጣት አልፈለግሁም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ማታ ከሥራ ስገባ ለሁላችሁም እልካለሁ። ስትሄዱ የሽሮ ሜዳዋ ልብስ ሰፊ ልካን ነው በሉት። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚያናግረው እነሱን ነው።