ፋይበር ኢንተርኔት ቱሉ ዲምቱ፣ ሰፈራችሁ ሊደርስ ሲል ምን ይታያል
ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያላችሁ ፋይበር (በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን የሚመጣው ኢንተርኔት) መቼ ነው የሚገባልን ለምትሉ፣ እኛ ጋር ገብቷል፣ በጣም ነው የወደድኩት። ሊደርስ ሲል ቀድሞ የሚታይ ነገር አለ፤ መንገድ ዳር ተቆፍሮ ቱቦ ይቀበራል፣ ግን ቁፋሮው የውሃም ሊሆን ስለሚችል በሱ ብቻ ተስፋ አታድርጉ፣ ዋናው ፖሉን ማየት ነው። ቀጭን ጥቁር ኬብል ተጠቅልሎ ተንጠልጥሎ ካያችሁ ለቅጥያ የተተወ ትርፍ ነው፣ ከዛ ትንሽዬ ሳጥን ስትሰቀል በቃ ደርሷል፣ ለየቤቱ የሚገባው ገመድ ከሷ ነው የሚወጣው። አንዱ የመስታወት ክር ብርሃኑ ተከፋፍሎ 32 ወይ 64 ቤት ሊይዝ ይችላል፣ ስለዚህ ሳጥኗን እንዳያችሁ ቶሎ ተመዝገቡ፣ ፖርቱ (ሳጥኗ ላይ የየቤቱ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ) ከሞላ ሌላ እስኪጨመር መጠበቅ ነው።

አገልግሎቱ ከድሮው የመዳብ መስመር ጋር አይወዳደርም፣ መዳብ ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ይደክማል እኛ ደሞ ዳር ነን፣ አሁን ልጆቹ ቪዲዮ እያዩ እኔ ስብሰባ ላይ ሆኜ አይቆራረጥም። መብራት ሲጠፋ ግን ራውተሩም ይጠፋል፣ ትንሽ ባትሪ ግዙለት። የፋይበሩን ገመድ ደሞ አደራ እንዳታጣምሙት፣ መሣሪያው ላይ ኤልኦኤስ (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ካበራ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፣ ደውሉ።