በድሬዳዋ ለሠርጋችን የቀጠርናት አዘጋጅ፦ ቦታና ባለሙያ እንዴት እንዳስመረጠችን

እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ድሬዳዋ ተወልደን ያደግን ብንሆንም የተገናኘነው ቶሮንቶ ነው። ሠርጋችንን ወላጆቻችን ባሉበት ከተማ፣ እሑድ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ለማድረግ ስንወስን በእጃችን የነበረው የሦስት ሳምንት የሥራ ፈቃድ ብቻ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት ጥቂት ሳምንታት የኦርቶዶክሳውያን ሠርግ የሚደራረብባቸው ስለሆኑ፣ አዳራሽም ሆነ ፎቶ አንሺ እዚያ ከደረስን በኋላ የምንፈልገው ነገር እንዳልሆነ ዘመዶቻችን አስጠነቀቁን። ስለዚህ ገና በመስከረም አንዲት የሠርግ አዘጋጅ ቀጠርን። ስሟን ለመጥቀስ ፈቃዷን ስላልጠየቅሁ እዚህ አላነሣውም፤ ሥራዋን ግን በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁት፣ ከውጭ ሆነው በአገር ቤት ሠርግ የሚያስቡ ሁሉ ከአንድ አዘጋጅ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ያውቁ ዘንድ ነው።

በመጀመሪያው የቪዲዮ ጥሪያችን በስልኬ ያጠራቀምኳቸውን የአዳራሽና የዲኮር ፎቶዎች ልኬላት ነበር። እሷ ግን ስለ ፎቶዎቹ ምንም ሳትል የዕድምተኞቻችንን ዝርዝር ጠየቀችን፤ ያውም ብዛታቸውን ሳይሆን ስማቸውን። ዝርዝሩ ሲደርሳት ደግሞ ከየስሙ ጎን ምልክት እንድናደርግ ነገረችን፦ ዕድሜው ገፍቶ ደረጃ መውጣት የሚቸግረው፣ ከሐረር መጥቶ በዚያው ምሽት የሚመለስ፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ መኝታ የሚያስፈልገው፣ ሕፃን ይዞ የሚመጣ፣ ሙስሊም የሆነ። ይህን ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ፈጀብን፤ ከእናቴም ጋር በስልክ ብዙ አከራከረን። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያደረግነው ምርጫ ሁሉ የተነሣው ከዚያ ዝርዝር ነው። ባለሙያዋን ከሌሎች የምለይበትም ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ቦታውን አስቀድማ መርጣ ሰውን አታስገባበትም፣ የሚመጣውን ሰው አውቃ ቦታውን ትፈልጋለች።

ከ310 ዕድምተኞቻችን ከ90 የሚበልጡት ሙስሊሞች ነበሩ። የእናቴ የቡና ጎረቤቶች፣ የአባቴ የምድር ባቡር የሥራ ባልደረቦች፣ የእኔም የልጅነት ጓደኞች ናቸው፤ ድሬን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ ስለማይበላ፣ ሁለት ዓይነት ምግብ ማቅረብ በከተማችን ሠርግ የታወቀ ልማድ ነው። ባለሙያዋ ግን ለየአዳራሹ ኃላፊ ያቀረበችው ጥያቄ «የሙስሊም ምግብ ታቀርባላችሁ ወይ?» የሚል አልነበረም፤ ለዚህ ሁሉም «አዎ» ይላል። የጠየቀችው ሁለተኛ ማብሰያ ቤት መኖር አለመኖሩን፣ ድስቱና ጭልፋው ለየብቻ መሆኑን፣ ከውጭ የሚመጣ ምግብ አቅራቢ መፈቀዱንና አስተናጋጆቹ መለየታቸውን ነበር። በመጀመሪያ ከያዘቻቸው ሰባት ቦታዎች አራቱ በዚህ ጥያቄ ብቻ ወደቁ። በመጨረሻም እርዱን በራሷ የምታሳርድ፣ ዕቃዋንና አስተናጋጆቿን ይዛ የምትመጣ አንዲት የመጋላ ሰፈር ምግብ አቅራቢ ተቀጠረች። የምግብ ማንሻ ጠረጴዛዋም ከሌላው እኩል በመድረኩ ፊት ለፊት ተዘረጋ፤ በብዙ ሠርግ እንዳየሁት ከመጸዳጃ ቤቱ መንገድ ዳር አልተሸጎጠም። የእናቴ ጎረቤቶች ይህን አይተው የተናገሩት ምርቃት ከቀኑ ትዝታዎቼ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ከቀሩት ሦስት ቦታዎች አንዱ በደቻቱ ወንዝ ዳር የሚገኝ ሰፊ ግቢ ነበር። ዋጋው ከሁሉ ያነሰ፣ የመኪና ማቆሚያውም የሰፋ ስለነበር እኔ ወደዚያው አዘንብዬ ነበር። እናቴ ግን ጨርሶ አልሰማ አለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የምታውቃቸው ቤተሰቦች አልቀውባታል። እኔ በጥር አሸዋው ደረቅ እንደሆነ፣ ዝናብም እንደማይጠበቅ ላስረዳት ስሞክር ባለሙያዋ አቋረጠችኝ፤ «እማማ እዚያ ተቀምጠው መደሰት ካልቻሉ ቦታው ለእናንተ አይሆንም» ብላ ከዝርዝሩ ሰረዘችው። በዚያን ጊዜ ቅር ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም፤ ዛሬ ግን ልክ የነበረችው እሷ እንደሆነች አምናለሁ።

ሁለተኛው የአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። በፎቶ ያማረ፣ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ነበር። ባለሙያዋ ወንድሜን ይዛ አዳራሹን ያየችው ግን ባዶውን ሳይሆን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሌላ ሰው ዝግጅት ሲሰናዳበት ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚሸከመው አምፖሎቹንና የድምፅ መሣሪያውን ብቻ እንጂ ማቀዝቀዣውን እንዳልሆነ ያወቅነው እሷ ስለጠየቀች ነው። 300 ሰው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ማቀዝቀዣ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን፣ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ሞቃት ከተማ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ስለዚህ የቀረው በከዚራ ሰፈር የሚገኘው፣ ትልልቅ ዛፎች ያሉት የአትክልት ግቢ ሆነ። ይህንንም ዝም ብላ አልተቀበለችውም፤ ሠርጉ በሚደረግበት ሰዓት ሄዳ ጥላው በየትኛው በኩል እንደሚወድቅ አይታ፣ የአረጋውያኑን ወንበሮች በዚያው በኩል አደረገች። ጥርም ቢሆን የድሬ ቀትር ሱፍና የሐበሻ ቀሚስ ለለበሰ ሰው ይከብዳል። ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊሉ ከተፈጸመ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ሄዶ እንዲያርፍ፣ ግብዣውም ከቀኑ 10 ሰዓት እንዲጀምር የመከረችው እሷ ነች። የጥሪ ካርዱ ላይ ሰዓቱን ሲያዩ አጎቶቼ «የምን የማታ ሠርግ ነው?» ብለው ነበር፤ በዕለቱ ግን ማንም በላብ ሲጠመቅ አላየሁም። በአቅራቢያው መስጊድ ስላለ ለመግሪብ፣ ማለትም ለጀንበር ግባት ሶላት፣ አዛን ሲደረግ ሙዚቃው እንዲቆም በዲጄው ፕሮግራም ላይ አስቀድማ አስጽፋ ነበር፤ በተባለው ደቂቃ ቆመ፣ መስገድ የፈለጉም ሰግደው ተመለሱ።

ባለሙያዎቹን በመምረጥ ረገድ ከየዘርፉ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ እያቀረበች፣ ለምን እንዳቀረበቻቸው በድምፅ መልእክት ታስረዳን ነበር። ፎቶ አንሺዎቹ የሚያሳዩትን የተመረጠ ሥራ እንድናይ አልፈለገችም፤ የአንድን ሙሉ ሠርግ ፎቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስላከችልን። አንደኛው በቀን ብርሃን ድንቅ የነበረ ሲሆን፣ በምሽት ያነሣቸው ሰዎች ግን ፊታቸው አይለይም ነበር፤ የእኛ ሠርግ ግማሹ በምሽት ስለነበር ሁለተኛውን መረጥን። ዲጄዎቹን የመዘነችበት ነገር ከአማርኛው ሌላ የኦሮምኛ፣ የሶማሊኛና የሐረሪ ዘፈን ምን ያህል እንዳላቸው ነው። ኬኩ በክሬም እንዳይሸፈን፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣው አበባም በሙሽሮች መቀመጫ ዙሪያ ብቻ እንዲሆን አደረገች፤ ሁለቱንም ሙቀቱ አይምራቸውም። ስለ መኪናው ብዙ የምለው የለኝም፤ በሰዓቱ መጣ፣ ንጹሕ ነበር።

ስለ ሐረር ፎቶዎች ግን ልጻፍ፤ ብዙ ሙሽሮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በግንብ በታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ በጀጎል ውስጥ፣ በተለይ ልብስ ሰፊዎቹ በየደጁ በተቀመጡበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው ጎዳና ቬሎ ለብሼ መነሣት እመኝ ነበር፤ በሠርጉ ዕለትም ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደዚያ ለመሄድ አስቤ ነበር። ባለሙያዋ መንገዱን አስባ አሳየችን፦ በደንገጎ አቀበት አድርጎ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሄጃውና መመለሻው ብቻ የዕረፍት ጊዜያችንን ይጨርሰዋል፤ አንድ የተበላሸ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ ዕድምተኛው ያለ ሙሽራ ይቀመጣል። ስለዚህ የጀጎሉ ፎቶ ሐሙስ ዕለት ተነሣ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቢሆንም ሰዎች የሚኖሩበት ከተማ ነውና፣ የማንንም ደጃፍ ሳናስፈቅድ እንዳንቆምበት አጥብቃ አስጠንቅቃን ነበር። በሠርጉ ዕለት ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ በተቆረቆረችበት አካባቢ፣ አባቴ ሠላሳ ዓመት በሠራበት በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ደጅ ለጥቂት ደቂቃ ተነሣን። ያ ፎቶ አሁን በአባቴ ሳሎን ተሰቅሏል። ከሐረር ለመጡት ዕድምተኞችም በዚያ አቀበት ሌሊት እንዳይጓዙ እራት አስቀድሞ እንዲቀርብ ተደርጎ፣ ሚኒባሳቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሣ።

ክፍያን በተመለከተ ሁለት አማራጭ ነበራት፤ ከጠቅላላ ወጪው በመቶኛ ወይም በቁርጥ ዋጋ። እኛ ቁርጡን መረጥን፤ ወጪው በጨመረ ቁጥር ገቢው የሚጨምርለት አዘጋጅ ወጪ እንዲቀንስልህ እንዴት ይመክርሃል? ለየባለሙያው ቀብድ የተከፈለው በባንክ፣ በጽሑፍ ውል ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብዙ ዕቃ ዋጋ ተለዋውጦ ስለነበር፣ የዲኮር ባለሙያው በታኅሣሥ ጭማሪ ጠየቀ፤ ውሉ ዋጋው እንደማይለወጥ በግልጽ ስለሚናገር ግን ነገሩ በአንድ ስልክ ተቋጨ።

ቅሬታዬንም መጻፍ አለብኝ። ይኸው የዲኮር ባለሙያ ለእሷ ኮሚሽን እንደሚከፍላት ያወቅሁት ራሴ በቀጥታ ስጠይቃት ነው። አልዋሸችኝም፤ ሆኖም ስሙን ባቀረበች ዕለት ልትነግረን ይገባ ነበር፤ አማራጮቹን የምንመዝነው በእሷ ቃል ተማምነን ነበርና። ከሌሎቹ ኮሚሽን እንደማትቀበል ነገረችኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ስም ይህንኑ እየጠየቅሁ ነበር፤ እናንተም ከመጀመሪያው ጠይቁ። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ሌላ ሠርግ ደርባ ስለያዘች ለጥሪዎቻችን ግማሽ ቀን ዘግይታ የመለሰችባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ሦስት ሳምንት ብቻ ላለው ሰው ግማሽ ቀን ረጅም ነው።

መልሱ በወላጆቼ ግቢ፣ በእድሩ ድንኳንና ወንበር ተደረገ። ባለሙያዋ አዳራሽ እንዳንከራይለት የመከረችን ራሷ ነች፤ «የእድራችሁ ሰዎች እያሉ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?» አለችን፤ የተለየ ክፍያም አልጠየቀችም። በማግስቱ ደረሰኞቹን በቅደም ተከተል የያዘ ደብተር አምጥታ፣ ለድንገተኛ ወጪ ሰጥተናት ከነበረው ገንዘብ የተረፈውን ቆጥራ አስረከበችን። ቪዲዮው ብቻ በእጃችን የገባው በሰኔ ነው፤ በፎቶና ቪዲዮ ውሉ ላይ የቀብዱ መጠንና የቀረጻው ሰዓት ተጽፎ ሳለ የርክክቡ ቀን አልተጻፈም ነበር፤ እሷም እኛም አላስተዋልነውም።